ጥሩምባው ዝም ያለባቸው ቅዳሜዎች

አማቼን ሰው ሁሉ «ጥሩምባው» ነው የሚለው። ልጄን ለትዳር ለመጠየቅ ቤታችን የመጣ ዕለት ገና ከበር «ደህና ዋላችሁ?» ሲል ጎረቤት ጠብ የተነሳ መስሎት በአጥር ላይ ብቅ አለ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እንግዳው ተሰናብቶ ከወጣ በኋላ ጆሮውን በጣቱ እየጠረገ፣ «ይሄ ልጅ ደንቆሮ ናቸው ብለው ነው እንዴ የነገሩት?» አለኝ።

ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሥራው ነው። ዕድሜውን ሁሉ የአውቶቡስ ረዳት ነበር። መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ፣ አንድ እግሩ መሬት፣ አንድ እግሩ መወጣጫው ላይ፣ «ሆስፒታል በድልድይ! ሆስፒታል በድልድይ! ሁለት ሰው! ሁለት ሰው ብቻ!» ይላል። አውቶቡሱ ውስጡ ባዶ ቢሆንም ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚለው። ድምፁን ከጉሮሮው አያመጣውም፤ ከእግሩ ጥፍር ነው የሚስበው። በጉንፋን የተኛ ጊዜ እንኳ ውሃ ስጡኝ ሲል ቤቱ ይነቃነቃል። አሁን ጡረታ ወጥቶ፣ ድምፁም ሻክሮ፣ በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ሰዎች ሲያልፉ ስለ አውቶቡሱ ያነሱለታል። እኔ የማነሳለት ግን ሌላ ነው። እኔ የማነሳለት ዝም ያለበትን ጊዜ ነው።

ከመጀመሪያው ልናገር። አብሮት የሚሠራው ሾፌር ሽማግሌ ነበር፤ አንደኛው ጆሮው አይሰማም። ስለዚህ በመሃከላቸው ቋንቋቸው እጅ ነው። ረዳቱ የአውቶቡሱን ጎን በመዳፉ አንዴ «ጓ!» ሲያደርግ ቁም ማለት ነው፤ ሁለቴ ሲመታ ሂድ። ሾፌሩ በጆሮው ባይሰማ በወንበሩ ይሰማዋል። ዕድሜ ልካቸውን እንዲህ ሲነዱ አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም።

የልጅ ልጄ የተወለደች ጊዜ እናቷ ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው፤ ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች። እኔም ያኔ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበርኩ። ልጅቷን የሚይዝ ጠፋ። ጥሩምባው፣ «ምን ችግር አለ? ትሳፈራ!» አለ። እውነትም ተሳፈረች። ከሾፌሩ ጎን ያለው የሞተር ክዳን ላይ ብርድ ልብስ አጥፎ ያስቀምጣታል። እግሯ መሬት አይደርስም። ሙቀቱ እንቅልፍ እንቅልፍ ሲላት ታንጎላጃለች፤ «ጓ!» ሲል ዓይኗን ትከፍታለች፣ ሁለቴ ሲመታ መልሳ ትጨፍናለች። አፏን ሳትፈታ ያንን ቋንቋ አወቀችው።

ቤት ውስጥማ ጨዋታቸው ሆነ። ማታ ገበታ ላይ ጠረጴዛውን አንዴ ሲመታ ማንኪያዋን አየር ላይ ይዛ ድርቅ ትላለች። ሁለቴ ሲመታ ትጎርሳለች። እናቷ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ልጄን መኪና አደረግካት!» እያለች ትስቃለች። ሁላችንም ሳቅንበት። ምን እንደሚያመጣ ማን ያውቃል።

ኳስ የጀመረችው እዚያው መናኸሪያ ውስጥ ነው፤ በቆሙ አውቶቡሶች መሃል ባዶ ጠርሙስ እያንከባለለች። ሾፌሮች እግራቸውን ከፍተው ይቆሙላታል፤ በዚያ ሾልካ ታልፋለች። ትምህርት ቤት ስትገባ አንድ አናጢ ስትጫወት አያት። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ሴቶች ልጆች ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ሜዳ ኳስ የሚያሠለጥን ሰው ነው፤ የመጋዝ ብናኝ ከፀጉሩ ተለይቶ አያውቅም። «ይቺን ልጅ ስጡኝ፤ እግሯ ውስጥ ሞላ አለ» አለ። ልጆቹም ፌንጣ አሏት። ፌንጣ ሆና ቀረች።

ያን ጊዜ እኔ ሥራ አቁሜ ነበርና በርጩማዬን ይዤ ከአማቼ ጋር ሜዳ እወርዳለሁ። እሱ ቅዳሜ ከሰዓት ተራውን ለሌላ ረዳት እየለቀቀ ነው የሚመጣው። መምጣቱስ ባልከፋ። የሚመጣው ከነመናኸሪያው ነው እንጂ!

«ፌንጣ! በቀኝ! በቀኝ ክፍት ነው! አትቁሚ፣ መንገዱ ባዶ ነው! ኧረ ዳኛ፣ መነጽርህን ቤት ረስተኸው ነው?»

የአንዷ ተጫዋች እናት ልብስ ሰፊ ናት፤ ምላሷ እንደ መርፌዋ ነው። ዞር ብላ፣ «ወንድም ዓለም፣ እዚህ ተሳፋሪ የለም!» ትለዋለች። እሱ ይስቃል። ሳቁም ያው ጩኸት ነው።

አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት አሠልጣኙ ወደኛ መጣ። እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ፣

«ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልለምንህ።»

«ምን? ንገረኝ!»

«እኔ በግራ ስላት አንተ በቀኝ ትላታለህ። ልጅቷ መሃል ላይ ሆና ዓይኗ ይንከራተታል።»

«እኔ እኮ ከዚህ ሆኜ ሁሉም ይታየኛል።»

«አንተ ይታይሃል። እሷ እንድታይ ግን አልተውካትም።»

ጥሩምባው አንገቱን አክኮ «እሺ» አለ። እሺታው ግን የመናኸሪያ እሺታ ነበር፤ «ሁለት ሰው ብቻ» እንደሚለው ማለቴ ነው።

ከዚያ ያቺ ቅዳሜ መጣች። ከወንዝ ማዶ ካሉት ልጆች ጋር ነበር ጨዋታው። ሜዳው በአንድ ወገን በአሮጌ ላሜራ ታጥሯል፤ እኛ እሱን ተደግፈን ነው የምናየው። ፌንጣ ከመሃል ኳሷን ይዛ ወጣች። አንዷን አለፈች፣ ሁለተኛዋን አለፈች፣ ከፊቷ በረኛዋ ብቻ ቀረች። እኔ ኳስ አላውቅም፤ ግን ከበርጩማዬ ተነሳሁ። አማቼማ ያደረገውን አላወቀም። ደስታው ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ላሜራውን በመዳፉ አንዴ መታው።

«ጓ!»

ልጅቷ ቆመች።

እንዲህ ብዬ ስናገረው ቀላል ይመስላል። በሙሉ ሩጫ ላይ ያለች ልጅ፣ አንድ እግሯ ወደ መሬት ሳይወርድ፣ ድርቅ! ኳሷ ብቻዋን ቀስ እያለች ሄደች፤ በረኛዋ ማመን አቅቷት ጎንበስ ብላ እንደ እንቁላል አነሳቻት። ከማዶዎቹ ወላጆች ውስጥ አማቼን የሚያውቅ አንድ ቀልደኛ፣ «ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያማ ሳቁ ምኑ ይነገራል! ዳኛው ራሱ ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ ሳቀ።

እኔ አማቼን ነው ያየሁት። መዳፉ ገና ላሜራው ላይ ነው። ክው ብሏል። እሱ ብቻ ነበር ምን እንደሆነ የገባው፤ እሱና እሷ።

ቤት ስንደርስ ልጅቷ ማልያዋን አውልቃ፣ አጣጥፋ፣ ሳጥን ላይ አስቀመጠችው። የቆሸሸ ልብስ ታጥፎ ሲቀመጥ ነገር አለው፤ ይሄን ከሥራዬ አውቃለሁ። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እምዬ፣ ሁለተኛ አልጫወትም።»

«አንድ ቀን ሳቁብኝ ብለሽ?»

«ሳቃቸው አይደለም። እሱ ካለ እግሬ የኔ አይደለም፣ የእሱ ነው።»

«እንግዲያው አትምጣ በዪዋ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «እሱ ካልመጣማ ለማን ብዬ እጫወታለሁ?»

ከእኔ የተወለደች ሴት የወለደቻት ልጅ፣ ጥርሷ ገና ተለዋውጦ ያላለቀ፣ እንዲህ ያለውን ነገር ከየት አገኘችው? ዞር ስል አማቼ በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል፤ ሁሉንም ሰምቷል። ገብቶ ከፊቷ መሬት ላይ ቁጢጥ አለ።

«እንድመጣ ትፈልጊያለሽ?»

«አዎ።»

«ግን?»

«ዝም ብለህ። እጅህም።»

«እጄም?»

«እጅህም ዝም ይበል።»

እጆቹን አገላብጦ አያቸው፤ የሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ። «ካልቻልኩስ?» አላት።

«ካልቻልክ ማልያውን ለአሠልጣኙ እመልሳለሁ።»

ቁጣ የለባትም። ነገ ይዘንባል እንደሚል ሰው ነው የተናገረችው። ያኔ ገባኝ፤ ኳሱ ያለ አባቷ አይሆንላትም፣ ከአባቷ ጋርም አይሆንላትም። ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው ያ ሰውዬ አፉን በመዝጋቱ ላይ ነው። እናቷ ማታ ከሥራ ስትመጣ ነገርኳት። ጫማዋን እያወለቀች፣ «በቃ፣ ኳሱ ቀረ በዪኛ» አለች።

መናኸሪያም ወሬው ደረሰ። ሾፌሩ፣ «ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ አንተ ግን ዝም ካልክ ትነቅዛለህ» አለው አሉ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ከእኔ በርጩማ ጎን መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ከላሜራው ራቅ ብሎ። ሁለት እጆቹን ከታፋው ሥር አስገብቶ ተቀመጠባቸው። ፊሽካው ተነፋ። ልጅቷ ገና ከመጀመሪያው ወደኛ ታያለች፤ ኳስ ስትመጣላት ታያለች፣ ኳስ ስትሄድባት ታያለች። እሱ ከንፈሩን ነክሷል። የአንገቱ ሥር እንደ ገመድ ተገትሯል። ልብስ ሰፊዋ፣ «ዛሬ ጥሩምባው ምን ዋጠ?» ብላ ጎነተለችው። አልመለሰም። ይልቅ ላብ አጠመቀው። አየሩ ቀዝቃዛ ነበር፣ ላብ ግን ከግንባሩ ይንጠባጠባል። ድንጋይ የተሸከመ ሰው እንኳ እንደዚያ አያልበውም።

ጎል ሲገባ ብድግ አለና ሮጠ። ወዴት ነው ብዬ ደነገጥኩ። ከሜዳው ዳር ያለው የዕቃ ግምጃ ቤት ጀርባ ሄዶ፣ ጃኬቱን ጠቅልሎ፣ አፉን ቀብሮ ነው የጮኸው። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ዱላውን ይዞ፣ «ማን ታነቀ?» እያለ መጣ። አማቼ በምልክት ምንም የለም አለው። ተመልሶ መጥቶ እጁ ላይ ተቀመጠ።

የጃኬቱን ክንድ አየሁት። የጥርስ ምልክት አለበት። ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሳለሁ እንደዚያ ያለ አንሶላ ብዙ አጥቤያለሁ፤ ምጥ የያዛት ሴት የነከሰችው ነው። እጄን ክንዱ ላይ አሳረፍኩ። ሴት አንዱን ልጅ የምትወልደው አንዴ ነው፤ ይሄ ሰውዬ ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሊወልዳት ነው እንዴ? አልኩ በልቤ። አማቼን በዚያች ቀን ነው የፈራሁት። እንደሚፈራ ነገር አይደለም፤ ትልቅ ተራራ አጠገብ ሲቆሙ እንደሚፈራው ነው።

እንዲያ እንዲያ እያለ ሰነበተ። ቀላል እንዳይመስላችሁ። አንድ ጊዜ «በቀ» ብሎ ጀምሮ ሳል አስመስሎታል። አንድ ጊዜ ከረሜላ አፉ ሞልቶ መጥቶ ሊያንቀው ነበር። ሰኞ መናኸሪያ ሲገባ የቅዳሜውን ሁሉ እዚያ ያወጣዋል፤ «ሆስፒታል በድልድይ» ሲል እርግቦቹ ከጣሪያው ይነሳሉ ብሎኛል ሾፌሩ።

እኔ ደግሞ ልጅቷን ማየት ያዝኩ። በመጀመሪያ አሥሬ ወደኛ ትዞር የነበረችው ቀስ እያለች አልፎ አልፎ ሆነች። ከዚያ ጎል ሲገባ ብቻ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጭራሽ አልዞረችም፤ ዘነጋችው። አባቷ እዚያ ተቀምጦ በላብ ሲታጠብ እሷ ረስታዋለች፣ ከኳሷ ጋር ናት። አማቼን በክርኔ ነካ አድርጌ፣ «ረሳችህ እኮ» አልኩት። በጆሮዬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰማሁት ትንሽ ድምፅ፣ «እማማ፣ ይዩዋት፤ ይዩዋት እንዴት እንደምትሮጥ» አለኝ። ልጅ ወላጁን ሲዘነጋ እንዲህ ደስ እንደሚል ያን ቀን አወቅሁ።

የዓመቱ መጨረሻ ጨዋታ ከእነዚያው ከማዶ ካሉት ጋር ሆነ። ያ ቀልደኛም አለ። ገና ሲያየን፣ «ዛሬም ወራጅ አለ?» አለ። አማቼ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠው፤ ሰውየው ግራ ገብቶት እሱም ራሱን ዝቅ አደረገ።

በሁለተኛው አጋማሽ አንዷ ረዥም ልጅ ፌንጣን ከኋላ ጠለፈቻት። ሜዳው ላይ ተንከባለለች፣ ቅልጥሟን ይዛ ቀረች። ወላጅ ሁሉ ጮኸ፤ እኔም ጮኽኩ፣ አልዋሽም። አማቼ ብድግ አለ። አንድ እግሩ የኖራውን መስመር ተሻግሯል። አፉ ተከፍቷል። አበቃ አልኩ፤ የዓመት ልፋት ገደል ገባ። ልጅቷ መሬት ላይ ሆና አንገቷን አቅንታ ፈለገችው። ተያዩ። ከዚያ ራሷን በጣም በትንሹ ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ና አላለችውም።

ያ ሰውዬ እግሩን መለሰ። የመለሰው እግር ከመሬት የተነቀለ ዛፍ ነው የመሰለኝ። ተቀመጠ። እጆቹን ከሥሩ አስገባ። አሠልጣኙ ገብቶ ቅልጥሟን ዳሰሰላት፤ አንድ ነገር ነገረችው፤ ተነሳች። ትንሽ አነከሰች፣ ከዚያ ሮጠች። አማቼ ዓይኑን አልጨፈነም። እኔ ጨፍኛለሁ።

ሊያልቅ ሲል ኳስ እግሯ ሥር ገባች። ከፊቷ ጎሉ አለ። ሜዳው በአንድ አፍ፣ «ምቺ! ምቺ!» አለ። አሠልጣኙ «ምቺ!» አለ። ልብስ ሰፊዋ «ምቺ!» ብላ ነጠላ ጫማዋን ወረወረች። ፌንጣ ማንንም አልሰማችም። ለጎሉ ጀርባዋን ሰጠችና ኳሷን ወደ ጎን ቀስ አድርጋ ገፋቻት፤ ለልብስ ሰፊዋ ልጅ። ያቺ ልጅ ኳስ ስትመጣባት ዓይኗን ነው የምትጨፍነው፤ ዓመቱን ሙሉ አንድ ጎል አላገባችም። አሁንም ጨፍና ለጋቻት። በጉልበቷ ይሁን በቅልጥሟ እንጃ፣ ኳሷ ሄዳ መረቡን ነካችው።

ማን አዘዛት? አሠልጣኙ አላዘዛትም። አባቷ አላዘዛትም። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ያቺን ዓይነ ጭፍን ልጅ ያየቻት እሷ ብቻ ናት። ሰው በልጅነቱ ከውስጡ እንዲህ ያለ ነገር ሲያወጣ ከማየት የሚበልጥ ምን ተአምር አለ? ልብስ ሰፊዋ በአንድ እግር ጫማ እያለቀሰች ሜዳ ገባች። ማንም አላስወጣትም።

ወደ አማቼ ዞርኩ። አሁን ወደ ግምጃ ቤቱ ይሮጣል ብዬ ነው። አልሮጠም። አልነከሰም። አንገቱ አልተገተረም። እጆቹም ከሥሩ ወጥተው ጉልበቱ ላይ ላላ ብለው ተቀምጠዋል። መጮህ ረስቶ ነው። ያ ጥሩምባ፣ እንደ ልጅ አፉን ገርበብ አድርጎ፣ ዝም ብሎ ያያታል።

በፊት ከጨዋታ ስንመለስ መንገዱን ሁሉ የሚያወራው እሱ ነበር። «እዚያ ጋ በቀኝ ብትሄጂ፤ እዚህ ጋ ቀደም ብትዪ» እያለ እስከ ቤት ያደርሳታል፤ ልጅቷ ጫማዋን እያየች ትሄዳለች። የዚያን ቀን ታኬታዋን እሱ ተሸክሞ፣ እኔ በርጩማዬን ይዤ ወጣን። መናኸሪያውን አለፍን፣ ዳቦ ቤቱን አለፍን፤ ማንም ቃል አልተነፈሰም። ድንገት እሷ ጀመረች።

«አባዬ፣ ስወድቅ ምን እንዳልኩት ታውቃለህ አሠልጣኙን? ልታስወጣኝ ነው? አልኩት። አላስወጣሽም አለኝ። ከዚያ ደግሞ ረዥሟ ልጅ ይቅርታ አለችኝ፤ እኔ ግን አኩርፌ...»

ከፊታችን ሆና ወደ ኋላ እየሄደች፣ በእጇ ሜዳውን እየሳለች፣ ትንፋሽ ሳትወስድ ታወራለች። ማን የት እንደቆመ፣ ማን ምን እንዳለ፣ ያቺ ልጅ ዓይኗን ልትጨፍን ስትል እንዴት እንዳየቻት። እንዲህ ያለ አፍ እንዳላት አላውቅም ነበር፤ እሱም አያውቅም። የቤታችን በር ላይ ደረስን። እኔ ቁልፉን ከጉያዬ ፈለግኩ። እሷ ትንሽ ቆም ብላ፣

«አንተ ግን ምንም አትልም እንዴ?» አለችው።

አማቼ በሩ ላይ ተደገፈ፤ ታኬታዋን ደረቱ ላይ እንደታቀፈ።

«ከዚያስ?» አላት።